ይሉኝታን ወደብ ላይ ትታችሁ ተሳፈሩ፦ ካሪቢያን ውስጥ ካታማራን ተከራይቶ አንድ ቀን መዋል

ስድስት ሆነን ነው የሄድነው። እኔና ባለቤቴ፣ ወንድሟ ከነሚስቱ፣ አንድ አብሮ አደጋችን፣ እና እትዬ። እትዬ የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ ወደ 70 እየተጠጉ ነው። ከዚያ በፊት ጀልባ ላይ የወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ጣና ላይ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም።

ወጪውን የሸፈንነው እቁብ ሲደርሰን ነው። ለሁለት ዓመት ያወራንለት ጉዞ ነበር። ጀልባው ላይ የምንቆየው ግን ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። ከስምንቱ ሁለቱን ያበላሸብን ደግሞ ባሕሩ አይደለም፣ ይሉኝታችን ነው። ዋና የማይችለው አልችልም አላለም። ያቅለሸለሻት ዝም አለች። ለምን ሰው ላስቸግር እያልን እርስ በርስ ተደባበቅን። ይህን የምጽፈው እናንተ ስምንቱንም ሰዓት እንድትውሉበት ነው።

መጀመሪያ ደሴቱንና ወሩን ምረጡ

ካሪቢያን ሰፊ ነው። አሜሪካ ለምትኖሩ እኔ የምመክረው የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶችን ነው፤ በተለይ ሴንት ቶማስና ሴንት ጆንን። አሜሪካ እነዚህን ደሴቶች ከዴንማርክ የገዛችው በ1917 ነው፤ 25 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ ከፍላ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ስለዚህ ገንዘቡ ዶላር ነው፤ የአሜሪካ ዜጋ የሆነም ፓስፖርት አይጠየቅም። ከዲሲ አካባቢ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ በማያሚ ወይም በሻርሎት በኩል ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስትመለሱ ሴንት ቶማስ አየር ማረፊያ ላይ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ፍተሻ አለ። ሁሉም ሰው በዚያ ያልፋል። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን በእጁ ይያዝ፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳያነጋግር ቲኬት አይቁረጥ። «የአሜሪካ መሬት ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስሙት።

ካፒቴኖቹ ወደ ብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶችም የሚወስዱ መንገዶችን ያሳዩአችኋል። ቦታው ውብ ነው። ነገር ግን ሌላ አገር ነው፤ ፓስፖርት፣ ጉምሩክና ተጨማሪ ክፍያ አለው። የቀኑ ግማሽ ወረፋ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሴንት ጆን ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

ወሩን በተመለከተ፣ ውድና ሰው የሚበዛበት ወቅት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው። በገና ሰሞን ደግሞ ንፋሱ ይጠነክራል፤ ደሴቶቹ ላይ «የገና ንፋስ» ይሉታል። የአውሎ ነፋስ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚያሰጋው በተለይ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ያለው ነው። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማና ማሪያ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በሁለት ሳምንት ልዩነት ደሴቶቹን እንዴት እንዳደረጓቸው የአካባቢው ሰው ዛሬም ያወራል።

እኔ የምመርጠው ከፋሲካ በኋላ እስከ ጁን አጋማሽ ያለውን ጊዜ ነው። ዋጋው ቀለል ይላል፤ ባሕሩም ረገብ ይላል። በዚያ ላይ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በየካቲትና በመጋቢት ከሄዳችሁ ግን ዐቢይ ጾም ነው። ካፒቴኑ የጠበሰውን ሎብስተር እያያችሁ ሽሮ ትናፍቃላችሁ።

ጀልባውን ስትመርጡ

ካታማራን ሁለት ጎን ለጎን የተጋጠሙ አካሎች ያሉት ጀልባ ነው። ነጠላ አካል ያለው የሸራ ጀልባ ንፋስ ሲመታው ወደ ጎን ያጋድላል፤ ካታማራን ግን ብዙም ሳያጋድል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለጀማሪና ለአረጋዊ የሚመቸው ለዚህ ነው። ለቀን ጉዞ የሚከራዩት አብዛኞቹ 12 ወይም 13 ሜትር ርዝመት አላቸው። ከውሃ በታች የሚገባው ክፍላቸው ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ወደ ባሕር ዳርቻው ቀረብ ብለው መቆም ይችላሉ። ከፊት ለፊት በሁለቱ አካሎች መካከል የተወጠረ መረብ አለ። እዚያ ላይ ተጋድሞ ውሃው ከሥር ሲሮጥ ማየት ብቻውን የኪራዩን ግማሽ ያወጣል።

ስለ ቁጥር አስቀድማችሁ አስቡ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) የምርመራ ሰርተፍኬት ያልሰጠው የኪራይ ጀልባ በአብዛኛው ከስድስት በላይ ከፋይ መንገደኛ መጫን አይችልም። ሕፃንም ይቆጠራል። «እሱ ትንሽ ነው፣ እታቀፈዋለሁ» እዚህ አይሠራም። ሰባት ከሆናችሁ መጀመሪያውኑ ተናገሩ፤ ወደብ ላይ ደርሶ አንድ ሰው መመለስ ያሳፍራል።

ዋጋው ለሙሉ ቀን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ትልቅና አዲስ ጀልባ ከ2,000 ያልፋል። ለስድስት ሲካፈል ያን ያህል አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው በኋላ የሚመጣው ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ነዳጅ ውስጥ ነው ወይ? ምሳና መጠጥስ? የስኖርክል (በቱቦ እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ የማየት) ዕቃ አለ? ካፒቴኑ የኮስት ጋርድ ፈቃድ አለው? የአየሩ ሁኔታ ቢከፋ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? ከዚህ ላይ ለካፒቴኑና ለረዳቱ ከኪራዩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ያዙ። ይህ በደሴቶቹ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። እኛ ይህን ስላላሰብንበት ማታ ወደብ ላይ ኪሳችንን ስንዳብስ ነበር።

ጀልባውን ለደረሳችሁበት ቀን አትያዙ። በረራ ይዘገያል። ቢያንስ አንድ ሌሊት አድራችሁ ውጡ።

ለካፒቴኑ እውነቱን ጻፉ

ከሁሉም ደረጃ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ከጉዞው ሳምንት በፊት ካፒቴኑ መልእክት ይልክና «የምግብ አለርጂ አለ? ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ ሰው መልስ የታወቀ ነው፦ «ምንም የለም፣ ሁሉም ይስማማናል።»

እንደዚህ አትመልሱ። እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ጠይቃችሁ ጻፉ። ማን መዋኘት ይችላል፣ ማን አይችልም? ማን መኪና ውስጥ እንኳ ያቅለሸልሸዋል? ማን የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል? መሰላል መውጣት የሚያስቸግረው ማን ነው? ጾም ከሆነ «ቪጋን» ብላችሁ ጻፉ፤ ቅቤም ወተትም እንቁላልም እንደማይገባ ይገባቸዋል። «ፋስቲንግ» ካላችሁ ግን ጭራሽ ምንም የማትበሉ መስሏቸው ምግብ ሳይጭኑ ሊመጡ ይችላሉ።

ስለ ዋናም «ትንሽ ትንሽ» የሚባል መልስ የለም። የባለቤቴ ወንድም እችላለሁ ብሎ ነበር። የተማረው ሶደሬ ነው። ሶደሬ ጥሩ ነው፤ ግን ገንዳው ጠርዝ አለው፣ ውሃውም የትም አይወስዳችሁም። ስለሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሚያዝና የማይያዝ

ሻንጣ ሳይሆን ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። ጎማ ያለው ሻንጣ ወለሉን ስለሚቧጭር አይፈቀድም። ጫማ ወደብ ላይ ይወልቃል፤ ቀኑን ሙሉ በባዶ እግር ነው የምትውሉት። ስለዚህ ካልሲያችሁን አስቡበት።

የፀሐይ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክራይሊን ያለባቸው ቅባቶች በእነዚህ ደሴቶች በሕግ ተከልክለዋል፤ ከባሕሩ ሥር ያለውን ድንጋይ መሰል ሕይወት፣ ኮራሉን፣ ስለሚጎዱ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለውን ግዙ። ፊት ላይ ነጭ ነጭ ይላል፤ ፎቶ ላይ ሁላችንም ዱቄት የፈጨን እንመስላለን። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ወሬ ደግሞ ተዉት፤ ማታ ትከሻዬን መንካት አቅቶኝ ነበር። ከቅባቱ ይልቅ የሚያድነው እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝ ነው።

ባለ ማሰሪያ ኮፍያ፣ መነጽር፣ ፎጣ፣ ለመመለሻ የምትለበስ ስስ ጃኬት። ሴቶች ቀደም ብላችሁ ሹሩባ ተሠሩ፤ ጨው፣ ንፋስና የተፈታ ፀጉር አይስማሙም። እትዬ ነጠላቸውን ይዘው መጡ። ሁለት ጊዜ ከባሕር ለጥቂት ተረፈ፤ በመጨረሻ ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩት።

ከቤት ይዘን ከሄድነው ሁሉ የተወደደው ዳቦ ቆሎ ነው። ደረቅ ነው፣ አይቀልጥም፣ ሆድ ሲረበሽም ይቀመጣል። ካፒቴናችን ሴት ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ዘግና ሦስተኛውን ራሷ ጠየቀች።

ጠዋት ወደብ ላይ

ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ነው፤ በፈረንጆቹ 9 ሰዓት። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ነው። ጀልባው የሚመለስበት ሰዓት አይለወጥም፤ የዘገያችሁበት ከናንተው ቀን ይቀነሳል። ሴንት ቶማስ ላይ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ታክሲ ብትይዙ ይሻላል።

ሰላምታ አትርሱ። ቨርጂን ደሴቶች ውስጥ ሱቅም ግቡ ታክሲም ተሳፈሩ መጀመሪያ «ጉድ ሞርኒንግ» ይባላል። ከቀትር በኋላ «ጉድ አፍተርኑን»፣ ማታ ደግሞ «ጉድ ናይት»፤ እዚያ ስንብት ብቻ ሳይሆን ሰላምታም ነው። ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ ብልግና ነው። ለኛ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ስንኖር ግን እየረሳነው ነው። ከየት ናችሁ ተብላችሁ ኢትዮጵያ ካላችሁ ደግሞ ጨዋታው ይረዝማል። ኃይለ ሥላሴ በ1966 ጃማይካ የሄዱበት ጉዞ ትዝታ በካሪቢያን ራስታዎች ዘንድ ገና አልደበዘዘም።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ዋጡ፤ ካቅለሸለሸ በኋላ ብዙም አይረዳም። ሜክሊዚን ያለ ማዘዣ ይገኛል፤ ያደነዝዛል፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሆድን ባዶ አታድርጉ፤ ቅባት የበዛበት ቁርስም አትብሉ። ጀልባው ሲነሳ ከኋላ፣ መሐል ላይ ተቀመጡና አድማሱን እዩ። ስልክ አትነካኩ። ወደ ታች ክፍል አትውረዱ። ከመጣ ደግሞ ንፋሱ ከኋላችሁ በሚሆንበት ጎን ሂዱ። የባለቤቴ ወንድም ሚስት ባለቤቷን ላለማስቀየም ብላ ታች መጸዳጃ ቤት ገብታ ተደበቀች። ከዚያ የባሰ ቦታ ጀልባው ላይ የለም።

ስለ መጸዳጃ ቤቱም ልናገር። ቧንቧው ቀጭን ነው። በልታችሁ ከወጣው በቀር ምንም ነገር አይጣልበት፤ ወረቀትም ቢሆን ቅርጫት ውስጥ ነው። ከደፈናችሁት የሁላችሁም ቀን ነው የሚበላሸው። የሚጠጣና የሚታጠቡበት ውሃም በታንከር የተያዘ ነው፤ እንደ ቤት አትልቀቁት።

መንገዱ፦ ሦስት ማቆሚያ ይበቃል

ብዙ ጀልባዎች ከሴንት ቶማስ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሬድ ሁክ ይነሳሉ። ፒልስበሪ ሳውንድ የሚባለውን ጠባብ ባሕር አቋርጠው የሴንት ጆንን ሰሜናዊ ዳርቻ ይከተላሉ። የደሴቱ ከግማሽ በላይ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ1956 የተቋቋመው ሎረንስ ሮክፌለር በሰጡት መሬት ነው። ዳርቻው ላይ ሆቴል ተደርድሮ የማታዩት ለዚህ ነው።

ንፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ ጠዋት ስትሄዱ ፊት ለፊት ይመጣባችኋል፤ ካፒቴኑ በሞተር ይሄዳል። ሸራው የሚያምረው ከሰዓት ስትመለሱ ነው። በሸራ መሄድ ከፈለጋችሁ «ስንመለስ ሞተሩን አጥፋልን» በሉ። ካልጠየቃችሁ ብዙው ካፒቴን ሰዓት ለመቆጠብ በሞተር ይመልሳችኋል።

አምስት ቦታ እንይ አትበሉ። ለኛ ሦስቱ በቂ ነበሩ፦ ማሆ ቤይ፣ ሊንስተር ቤይ፣ መመለሻ ላይ ሃኒሙን ቢች። ትራንክ ቤይ ውሃ ውስጥ የመንገድ ምልክት የተተከለለት የስኖርክል መስመር ስላለው ዝነኛ ነው፤ ሰው ግን ይበዛበታል። ምሳ ያልተካተተበት ጀልባ ከያዛችሁ ሴንት ቶማስ አጠገብ ክሪስማስ ኮቭ ላይ ፒዛ የሚጋግር ጀልባ ቆሞ ታገኛላችሁ። ጠጋ ብሎ መግዛት ነው።

ውሃ ውስጥ፣ በተለይ ለማይዋኝ ሰው

ስኖርክል ማድረግ መዋኘት አይደለም፤ መንሳፈፍ ነው። ግን ጀልባው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት። በዋዜማው ወደ ማጀንስ ቤይ ሂዱ። አሸዋማና ጸጥ ያለ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ተለማመዱ።

መነጽሩን ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፋችሁ በአፍንጫ ሳቡት። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ከሥሩ ፀጉር ከገባ ውሃ ያስገባል። እንዳይደበዝዝ ውስጡን ምራቅ ቀብታችሁ ለቅለቅ አድርጉት፤ አትጸየፉ፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ቱቦውን በጥርስ ያዙ፣ በከንፈር ግጠሙ፣ ከዚያ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጉና በአፍ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። መጀመሪያ ሰውነት እምቢ ይላል። ሃያ ጊዜ ያህል ስትተነፍሱ ይለምዳል። ውሃ ወደ ቱቦው ከገባ በኃይል «ቱ!» ብላችሁ ወደ ላይ አውጡት።

ጀልባው ላይ የሚነፋ ጃኬት ወይም በብብት የሚያዝ ረጅም ስፖንጅ ይሰጣችኋል። ውሰዱት። የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ይምሰል። እትዬ ሁለቱንም ወሰዱ፣ ካፒቴኗን እጇን ያዙ፣ በመሰላሉ ወረዱ። ማሆ ቤይ ከሥር የባሕር ሣር ነው፤ አረንጓዴ የባሕር ዔሊዎች እየመጡ ይግጡታል። ልክ እንደ በግ። በየጥቂት ደቂቃው አየር ለመሳብ ብቅ ይላሉ። አንዷ ከእትዬ ፊት ለፊት አንገቷን ብቅ አደረገች። እትዬ ቱቦው አፋቸው ውስጥ እንዳለ «በስመ አብ!» አሉ፤ ሁላችንም ሰማን። ዔሊዎቹ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ አትንኩ፣ አታባርሩ፣ ከላያቸው አትሁኑ።

ኮራል ላይም አትቁሙ። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አንዳንዱም እንደ ሳማ ይለበልባል። ቋጥኝ አካባቢ ያለው ጥቁር ባለ ረጅም እሾህ የባሕር ጃርት ደግሞ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል።

አሁን የሶደሬው ዋናተኛ። ሊንስተር ቤይ ጫፍ ላይ ዋተርሌመን ኪ የምትባል ሚጢጢ ደሴት አለች። ዙሪያዋ ያለው ኮራልና ዓሣ ልዩ ነው፤ የውሃው ፍሰት ግን ይጎትታል። እሱ ጃኬት አልፈልግም ብሎ ዓሣ እየተከተለ ሄደ። እየተዝናና ነው የራቀው። ቀና ሲል ጀልባው ሩቅ ነው፤ ወደ እኛ ሲዋኝ ቦታው ላይ ይቀራል። እጁን አላወዛወዘም፤ አፈረ። ካፒቴኗ ናት ያየችው። በትንሿ የጎማ ጀልባ ሄዳ አመጣችው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። መጀመሪያ የውሃውን ፍሰት ተቃርናችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ያግዛችኋል። በየደቂቃው ቀና ብላችሁ ጀልባውን እዩ። ከደከማችሁ በጀርባ ተንሳፈፉና አንድ እጅ ወደ ላይ አወዛውዙ። ቢራና ሮም ከመጨረሻው ዋና በኋላ።

ሊንስተር ቤይ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ

ምሳ የበላነው እዚያው ቆመን ነው። ከዳርቻው በላይ ኮረብታው ላይ የድንጋይ ግንብ ይታያል። የንፋስ ወፍጮ ነው፤ አናበርግ የሚባለው የሸንኮራ እርሻ ፍርስራሽ። በዴንማርክ ዘመን በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ስኳር የፈጩበት ቦታ ነው። በዚህችው ደሴት በኖቬምበር 1733፣ ከዛሬው ጋና አካባቢ የመጡ የአክዋሙ ሰዎች ተነስተው አብዛኛውን ደሴት ለወራት ያዙ። አመፁ የተደመሰሰው ከማርቲኒክ በመጣ የፈረንሳይ ጦር ነው። ነፃነት የታወጀው በጁላይ 1848 ነው።

ከጀልባው ማዶ የሚታየው ትልቅ ደሴት ቶርቶላ ነው። እንግሊዝ በ1834 ባርነትን ስታስቀር፣ ከሴንት ጆን ሰዎች በሌሊት ይህን ባሕር በትንንሽ ጀልባም በዋናም አቋርጠው ወደዚያ ያመልጡ ነበር። ካፒቴኗ ይህን ስትነግረን የባለቤቴ ወንድም ማዶውን ለረጅም ጊዜ አየ። ምንም አላለም። ጠይቁ፤ ብዙ ካፒቴኖች ታሪኩን ያውቃሉ፣ ካልተጠየቁ ግን ሙዚቃ ነው የሚከፍቱት።

መመለሻው

ከሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሸራው ወጣ፣ ሞተሩ ጠፋ። ያን ጸጥታ እስክትሰሙት አታውቁትም። መረቡ ላይ የምትተኙት አሁን ነው። ጃኬቷን ልበሱ፤ የረጠበ ሰውነትና ንፋስ ካሪቢያን ውስጥም ይበርዳል። የአምስት ደቂቃ ዝናብ ቢመጣ አትሯሯጡ፤ ያልፋል።

ወደብ ላይ ስትወርዱ ጉርሻውን ለካፒቴኑ በእጁ ስጡ፤ ረዳት ካለ የሁለቱም እንደሆነ ተናገሩ። ስልክ፣ መነጽርና ቀለበት ቁጠሩ። ማታ ስትተኙ አልጋው የሚወዛወዝ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፤ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ገና ከባሕር አልተመለሰም፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይለቃል። እትዬ ሌሊቱን የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው እንዳደሩ የነገሩን ጠዋት ቡና ላይ ነው። ለምን አልቀሰቀሱንም ስንላቸው፣ «ተኝታችኋል፣ ለምን ላስቸግራችሁ ብዬ» አሉ።